ሩዝ አጠገብ የተጋደመ ሙዝ

ሙዝ እፈራለሁ። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሰባ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም የምጽፋት ወድጄ አይደለም። የልጄ አማት ታሪኩን በየሰርጉና በየለቅሶው ቤት እያዞረች ታወራዋለች፤ የምታወራውም አበላሽታ ነው። በእሷ አፍ እኔ እንደ ፍየል ዘልዬ መስኮት ላይ ወጥቻለሁ። መስኮት ላይ አልወጣሁም። ባለቤቱ እያለ ታሪኩን ሌላ ሰው ሲያበላሸው ዝም ብሎ ማየት አይገባምና ብዕር አነሳሁ።

ለማያውቀኝ ሰው ራሴን በአጭሩ ላስተዋውቅ። የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። ጅቡቲ የገባሁት ጢሜ ሳይበቅል፣ በባቡር፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተደርቤ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የአማርኛ ፊደል የቆጠርኩት ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ፈረንሳይኛን የተማርኩት ሳጥን ላይ ከተለጠፈ ጽሑፍና ከጉምሩክ ቅጽ፣ ዐረብኛን ከመስጊድ፣ ሶማልኛንና አፋርኛን ከገበያ ነው። ዛሬ ካርቲየ 2 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ ባለችኝ ጠባብ ቢሮ፣ ከአዲስ አበባ ጭነት ይዘው የሚወርዱ ሾፌሮች ወረቀታቸውን ታቅፈው ይሰለፋሉ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች ሦስት ቀን ሲያገላብጡት የሰነበቱትን ቅጽ እኔ መነጽሬን ሳላደርግ እሞላዋለሁ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ወደ ሙዙ ልመለስ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሙዝ ቢፈራ ችግር የለበትም። እዚያ ሙዝ ፍራፍሬ ነው፤ ያማረው ይገዛል፣ ያላማረው ያልፋል። ጅቡቲ ግን ሙዝ የምግብ ጓደኛ ነው። ሩዝ ሲቀርብ አጠገቡ ሙዝ ይጋደማል። ፓስታ ሲቀርብ አጠገቡ ሙዝ ይጋደማል። ሰዉ አንድ ጉርሻ ሩዝ፣ አንድ ግማሽ ሙዝ እያለ ይበላል። ሙዝ የሌለው ሩዝ እዚህ አገር ጨው እንደጎደለው ወጥ ነው፤ ባለቤቱን ያሳፍራል። እንግዲህ እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ከጠላቴ ጋር ስፋጠጥ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ከየት መጣብህ የሚለኝ አይጠፋም። አላውቅም። በልጅነቴ ሙዝ ያደረገኝ ነገር የለም። ልጣጩ ሲገፈፍ የሚያሰማት ድምፅ አለች፣ እርጥብ ጨርቅ ቀስ ብሎ ሲተረተር የመሰለች። ከዚያ እነዚያ ነጫጭ ክሮች ይንጠለጠላሉ። ከዚያ ውስጡ ይመጣል፤ ጠጣር አይሉት ፈሳሽ። ይህን ስጽፍ እንኳ አንገቴን አላበኝ። እባብ በዱላ ገድያለሁ። የጉምሩክ አለቃ ፊት ቆሜ፣ በገዛ ቋንቋው ተከራክሬ፣ ይቅርታ አስጠይቄዋለሁ። ሙዝ ሲላጥ ግን ጉልበቴ የእኔ አይደለም።

እዚሁ ጅቡቲ ሜኔሊክ አደባባይ አካባቢ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ ዕቃውን ሲሸጥ ትልቅ የሕክምና መዝገበ ቃላት ገዝቼ ነበር። በየምሳ ሰዓቱ እያነበብኩ በሁለት ዓመት ጨረስኩት። ሐኪሞች እንኳ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አይጨርሱም፤ ጠይቄያቸዋለሁ። ከዚያ እንደተረዳሁት ፍርሃት ዓይነቱ ብዙ ነው። መዋጥ የሚፈራ አለ፤ ጉርሻውን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይቀመጣል። ሰው ፊት መብላት የሚፈራ አለ። ነጭ ሽንኩርት የሚፈራ አለ። የለውዝ ቅቤ ላንቃዬ ላይ ይጣበቅብኛል ብሎ የሚንቀጠቀጥም አለ። ብቻዬን አለመሆኔ ደስ አሰኘኝ። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም በቀን በቀኑ ለውዝ ቅቤ በሩዝ የሚበላበት ከተማ እንደማይኖሩ ግን ልብ ብያለሁ።

ታዲያ ለምን ዝም ብለህ አልተናገርክም ትሉ ይሆናል። አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የሰው ፍርሃት ላይ የምቀልድ ሰው ነበርኩ። አንድ ጊዜ ከወሎ የመጣ አዲስ ሾፌር የየመኖች ዓሣ ቤት ወሰድኩ። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በትልቅ ምድጃ ተጠብሶ፣ ከነራሱ ነው የሚቀርበው። ልጁ እጁን ዘርግቶ መለሰው።

«ጋሼ፣ ዓሣው እያየኝ ነው» አለኝ።

ሳህኑን አዞርኩለት። ወንበሩን ቀየረ፤ እኔም የዓሣውን ዓይን ተከትዬ አዞርኩበት። ምስኪን፣ ዳቦ በዳጣ በልቶ ወጣ። ይህን ታሪክ ቢሮዬ ውስጥ አምስት ዓመት አውርቼዋለሁ፤ ሾፌሮች ከድንበሩ ከገላፊ ጀምሮ እየተቀባበሉት ይመጡ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሙዝ እፈራለሁ ብሎ ቢናገር በዚያ መንገድ ላይ ምን እንደሚደርስበት መገመት ነው።

ስለዚህ በዘዴ ኖርኩ። ምግብ ቤት ስገባ ብዙ ከሚበላ ሰው አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ሙዜን በማንኪያ ጫፍ ወደሱ እገፋለሁ፣ ሲያመሰግነኝ ደግሞ ምስጋናውን እቀበላለሁ። ሰው ቤት ሲሆን ነው ጣጣው። እዚህ አገር እንግዳ አክባሪ ሰው ሙዙን በገዛ እጁ ልጦ ሩዝህ ላይ ያስቀምጥልሃል።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ሰፈራችን አንድ ነጋዴ ቤት ተጋብዤ፣ ሰውየው ለእኔ ክብር ሙዝ አነሳና ጫፉን ቀጨም አደረገው። ያቺን ድምፅ ሰማሁ። አፌ እኔን ሳያማክር «ስኳር አለብኝ» አለ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰውየው ሙዙን እንደ ፍም ጣለው። ይቅርታ ጠየቀኝ። ምንጣፉ ላይ ያሉት ሁሉ በአክብሮት አዩኝ። ስኳር የጫኝና አውራጅ በሽታ አይደለማ፤ በልቶ የጠገበ ሰው ምልክት ነው። እኔም መዝገበ ቃላቱ በጭንቅላቴ ስላለ ስለ ስኳር በሽታ እንዲህ አድርጌ አስረዳኋቸው፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐልዋ አቁመዋል። በማግሥቱ መላው ካርቲየ 2 ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሙዝ አጠገቤ ያስቀመጠ የለም።

ዋጋውን ግን ከፈልኩ። በየሄድኩበት ሻይ ያለ ስኳር ይቀርብልኛል። በረመዳን ጾም ሲፈታ ሌላው ሦስት ቴምር ሲያነሳ ለእኔ ሲሆን «አንዷ ትበቃዋለች» ይባላል። የአንድ ብርጭቆ ሻይ ጣዕም ሲናፍቀኝ መኪኖቹ የሚያድሩበት ፒኬ 12 ድረስ ሄጄ፣ የማያውቁኝ መካከል ተቀምጬ፣ አራት ማንኪያ አስደርጌ እጠጣለሁ። ፍርሃቴንም ውሸቴንም የምታውቀው ሚስቴ ብቻ ነበረች። ልጃችን እንኳ አባቱ ስኳር እንዳለበት አምኖ ነው የኖረው። ሚስቴ ስኳሩን ከብርጭቆው ሥር ታስቀምጥልኛለች፤ ልጁ ፊቱን ሲያዞር አማስላለሁ። «በውሸት የጠሩት በሽታ ቤቱ አይጠፋበትም» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ያልተማረች ሴት ወሬ ነው ብዬ አልፋታለሁ። እሷ በነገራችን ላይ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች።

ባለፈው ዓመት ይኸው ልጃችን፣ ወደብ ላይ ክሬን የሚያንቀሳቅሰው፣ አንዲት አስተማሪ ወደደ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ወሬ የማያበዛ ልጅ ነው። ለእናቱ ይህቺ ካልሆነች ሌላ አላገባም አላት፤ እንዲህ ያለ ልጅ እንዲህ ካለ ነገሩ ያለቀ ነው። የልጅቷ እናት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው የምትኖረው። ሶማሌ ናት፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ድሬዳዋ ያደገች። አማርኛዋ ከእኔ አይበልጥም እንጂ ይጠጋዋል። ባሏ ሞቷል። በአባቷ ወገን ሰው ስለሌለ ልጅቷን የሚድረው የእናቷ ወንድም ነው፤ ግን ሰውየው እሺ የሚለው የእህቱን ፊት አይቶ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌ ይዘን አንድ ጊዜ ሄደን እናስብበት ተብለን ተመልሰናል። ቆይታ እኔንና ሚስቴን ምሳ ጠራችን።

የዚያን ቀን ልጃችን ሜኔሊክ አደባባይ አንድ ካፌ ውስጥ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። እዚያ ሆኖ ምን እንደሚጠቅም እንጃ። ጢሙን ሁለት ጊዜ ተላጭቶ ነበር።

ገባን። ምንጣፍ፣ ትልቅ ትሪ፣ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ባስባስ የሚሉት የሚያቃጥል ዳጣ በጎድጓዳ ሳህን። ዙሪያውን ደግሞ ሙዝ። ስምንት ነበሩ። እኔ ገና ሳልቀመጥ ሴትየዋ፣ «አንተ እዚህ ጋ ሁን ወንድሜ፣ ያንተ ለብቻው ነው» አለችኝ። ድሬ ያደገ ሰው አንቱታ አያውቅም፤ አልከፋኝም። ጥቂት ሩዝ፣ ብዙ ጎመን፣ ዘይት ያልነካው ዓሣ አቀረበችልኝ። ሙዝ የለም። በልቤ ስኳርን አመሰገንኩ።

እየበላሁ አወራኋቸው። ከድሬዳዋ እስከዚህ ያሉትን የባቡር ጣቢያዎች በተራ ጠራሁላቸው፤ ያባቷን ዘመን የባቡር ሾፌሮች ሳይቀር። ወንድሟ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። እሷም ጥሩ ሰሚ ናት። ትሪው ሲጋመስ እጇን ታጠበች፣ ጠረገች፣ እኔን አየችኝ።

«ልጅህን ወድጄዋለሁ። ከሱ የተሻለ አላገኝም። ግን አልሰጥም» አለች።

ወንድሟ ሩዙ ውስጥ አቀረቀረ። ሴትየዋ ድምፅዋን ሳትለውጥ ነገረችን። ባሏን የገደለው ስኳር ነው። ሰባት ዓመት። መጀመሪያ የእግር ጣቱ፣ ቀጥሎ እግሩ፣ በመጨረሻ ዓይኑ። ቁስሉን ጠዋትና ማታ የሚያጥቡት እሷና ይህቺው ልጇ ነበሩ። ስኳር ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ብለዋታል።

«ልጄ የአባቷን እግር አጥባለች» አለች። «የባሏን አታጥብም።»

ሚስቴ አየችኝ። እኔ ግን ወዲያው እጅ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። የእኔ ስኳር ቀላሉ ዓይነት ነው አልኳት። የባሌም ቀላል ነው ሲባል ነበር አለች። አሁንማ ለቆኛል አልኳት። ስኳር ሰው አይለቅም፣ ሰው ነው ዓለምን የሚለቅበት አለች። ከዚያ እጄን ስጠኝ ብላ ያዘችና ጣቶቼን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አንድም የመርፌ ምልክት የለም። በምንድን ነው የምትለካው?»

ይህ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አልነበረም።

«ስኳር የለብኝም» አልኳት። «ኖሮብኝም አያውቅም።»

እልል ትላለች ብዬ ነበር። እጄን ለቀቀች። ጤነኛ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ታመምኩ እያለ ለምን ይኖራል አለችኝ። ወይ ስኳሩ አለብህ፣ ሙሽራ ፈልገህ አሁን ትዋሻለህ፤ ወይ ከስኳር የባሰ ነገር አለ፣ በስኳር ሸፍነኸዋል። ክሊኒክ ሄጄ ልመርመር ብላት ደግሞ፣ ደምህ ንጹሕ ቢሆን ውሸትህስ በምን ይመረመራል አለች። ከውሸታም ቤት የበሽተኛ ቤት ይሻለኛል ብላ ለልጅቷ የእጅ ውኃ እንድታመጣ ነገረቻት። የእጅ ውኃ መጣ ማለት ግብዣው አበቃ ማለት ነው።

ምንጣፉ ላይ የሚስቴ ስልክ በራ። ልጃችን ነው። በርቶ ጠፋ። ተመልሶ በራ። ሚስቴ አላነሳችውም። እኔም ያቺን ስልክ እያየሁ፣ ስሜንና የአምስት ዓመቱን የዓሣ ታሪክ አንድ ላይ ዋጥ አደረግኩት።

«ሙዝ ስለምፈራ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«ሙዝ።»

ወንድምየው ሩዝ ትን አለው። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። ፊቷ ጠቆረ። ከተቀመጠችበት ልትነሳ እጇን መሬት ላይ አስደገፈች።

«በባሌ ሞት ነው የምትቀልደው?»

ከገባን ጀምሮ አሥር ቃል ያልተናገረችው ሚስቴ ያኔ አፏን ከፈተች። «አትነሺ እህቴ። አሁን ታያለሽ» አለችና ከትሪው ላይ አንድ ሙዝ አነሳች።

«አንቺ ሴትዮ» አልኳት።

ጫፉን ቀጨችው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የልጄ አማት የምታበላሸው። ሮጠ ትላለች። አልሮጥኩም፤ ቦታ ቀየርኩ። በነበርኩበትና በሄድኩበት መካከል የወንድሟ ትከሻና የባስባሱ ሳህን መኖራቸው የእኔ ጥፋት አይደለም። ቀኝ እግሬ ዳጣው ውስጥ ገባ። ጀርባዬ ግድግዳ አገኘ። እንዴት እንደመጣ ባላውቅም ትራስ በሁለት እጄ እንደ ጋሻ ይዣለሁ። ሚስቴ፣ አርባ ዓመት አብሬያት የኖርኩት ሚስቴ፣ አንዷን የልጣጭ ዘርፍ እስከ ታች ገፈፈችና ሙዙን ወደ እኔ ዘረጋችው። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራሁ። አንድ ሰው «ወዲያ አርጊው፣ ወዲያ አርጊው» ሲል ይሰማኛል። ሚስቴ በኋላ ያ ሰው አንተ ነበርክ ብላኛለች።

ሴትየዋ አፌን አላየችም፤ አፍ ይዋሻል። ጉልበቴን ነው የምታየው። ሰባት ዓመት ሕመምተኛ ያስታመመ ሰው እውነተኛ መንቀጥቀጥን ከሐሰተኛው ይለያል። ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ ቀስ እያለ ሄደ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ሆዷ፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ በክርኗ ተደገፈች። ወንድሟ የረገጥኩትን ትከሻውን ይዞ ይስቃል። ልጅቷ የውኃውን ጆግ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። እኔ ደግሞ በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ አምስት ቋንቋ እያወቅኩ፣ እግሬ በበርበሬ እየተቃጠለ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ።

ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገች። ከሚስቴ እጅ ሙዙን ተቀበለች፤ የቀሩትን ሰባቱንም ከትሪው ለቀመች፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነቻቸው፣ ወደ ግቢ አወጣቻቸው። እጇን በሳሙና ስትታጠብ ሰማኋት። ይህን ያህል ያከበረኝ ሰው የለም።

«ወጥቷል» አለች ስትመለስ። «ና ተቀመጥ።»

ለብቻው ከቀረበልኝ ጎመን አንስታ ትልቁ ትሪ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ክሊኒኩ እንደማይቀር፣ ደሜን በገዛ ዓይኗ እንደምታይ ነገረችኝ። ዛሬውኑ እንሂድ አልኳት። ዛሬ ሩዝ ብላ አለችኝ። ያኔ የሚስቴ ስልክ ተመልሶ በራ። የማን ነው ብላ ጠየቀች፤ የልጄ ነው አለቻት ሚስቴ።

«አንሺው እንጂ» አለች። «ልጁን በጭንቀት ልትገድሊው ነው እንዴ?»

እንዲህ ነው የተፈቀደልን።

በሳምንቱ ክሊኒክ ሄድን፤ አጠገቤ ቆማ አስመረመረችኝ። ደሜ እንደ ወጣት ደም ነው። ነርሱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ እኔ አንድ ጊዜ በቃኝ።

ሰርጉ ላይ የልጅቷ እናት ለማንም ምክንያቱን ሳትናገር ሙዝ እንዳይቀርብ አዘዘች። እስቲ አስቡት፣ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ሩዝ ያለ ሙዝ። ይህን ማስደረግ ባለሥልጣን እንኳ አይችልም፤ እኔ ነኝ ያስደረግኩት። እንግዳው ትሪውን ያገላብጣል፣ ከሥር ይኖር ይሆን ብሎ ሩዙን ይቆፍራል። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ቀጭን ነጋዴ፣ በዕድሜው እንዲህ ያለ ሰርግ አይቶ እንደማያውቅ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው እያለ ያጉረመርማል።

«እውነትህን ነው» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ሙዝ የሌለው ሩዝ ምን ሩዝ ነው? ቤተሰቡን ያሳፍራል።»

የልጄ አማት የሳህኑን መጉደል ልታይ በእኛ በኩል እያለፈች ነበር። ቆመች። ጎንበስ ብላ፣ በጆሮዬ፣ በዚያ በድሬ አማርኛዋ፣ «ጓዳ ውስጥ አንድ ዘለላ አስቀርቻለሁ፤ ላምጣልህ?» አለችኝ።

ወደ ነጋዴው ዞሬ፣ ሙዝን ከሩዝ ጋር መብላት ለጨጓራ እንደማይስማማ ከሕክምና መዝገበ ቃላቱ እየጠቀስኩ ማስረዳት ጀመርኩ። መዝገበ ቃላቱ እንዲህ አይልም። ሰውየው ግን ሳልጨርስ አመነኝ።